አንጋፋዎቹ የፈረሙባት አውሮፕላን

በሜይ 1934 አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በራሪ ከቺካጎ ተነስቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ አላባማ አቀና። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ይባላል። የሚሄደው ከአሥር ዓመት በፊት የመኪና ጥገና ተምሮ ወደተመረቀበት ወደ ቱስኬጊ ተቋም ነው። አብረውት የተመረቁት አሥረኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ እዚያ ተሰብስበዋል። እሱ ግን ከበዓሉ ሌላ ጉዳይ ይዟል፦ ተቋሙ ለጥቁር ወጣቶች የበረራ ትምህርት ቤት እንዲከፍት ሊጠይቅ ነው።

ጊዜው የገንዘብ ጊዜ አልነበረም። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበት ዘመን ነው። ሮቢንሰን በጎ ቃል ሰምቶ፣ ትምህርት ቤቱን ግን ሳያገኝ ተመለሰ።

ሰውየው እንቢታን የለመደ ነበር። ቺካጎ ውስጥ የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ አልቀበልም ሲለው እዚያው በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ በክፍሉ ጥግ እየቆመ አስተማሪው የሚናገረውን ያደምጣል፤ የሰማውን ለጓደኞቹ ወስዶ ያካፍላል። ኋላ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፈተለት። ከባልንጀራው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋርም የጥቁር በራሪዎች ማኅበር አቋቋመ፤ ነጭ ያልሆነ ሰው አውሮፕላን የሚያሳርፍበት ቦታ ሲያጡም በቺካጎ አቅራቢያ፣ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ፣ የራሳቸውን ማረፊያ ደለደሉ።

በዚያው በ1934 ካንሳስ ውስጥ፣ ዊቺታ ከተማ፣ አንዲት ባለ ድርብ ክንፍ ማሰልጠኛ አውሮፕላን የመጀመሪያ በረራዎቿን አደረገች። ስሟን ያገኘችው ፋብሪካውን ካቋቋመው ከሎይድ ስቲርማን ነው። ስቲርማኗ ለዘመኑም ቢሆን ያረጀ ፈሊጥ ያላት ትመስል ነበር፦ የእንጨት ክንፍ፣ ከብረት ቱቦ የተበየደ አካል፣ በላዩ የተወጠረ ጨርቅ፣ ጣሪያ የሌላቸው ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት መቀመጫዎች። ግን ጠንካራ ነበረች። ጀማሪ ቢያጎሳቁላትም ትችላለች። ጦሩም የፈለገው እንዲህ ያለችውን ነው፤ ቦይንግ ኩባንያ ፋብሪካውን ጠቅልሎ ከ8,000 በላይ ሠራ።

ሮቢንሰን የለመነው ትምህርት ቤትና ስቲርማኗ እስኪገናኙ ድረስ በመካከላቸው ኢትዮጵያ ገባች።

በ1935 መጀመሪያ ሮቢንሰን ከዶክተር መላኩ በያን ጋር ተገናኘ። መላኩ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር፤ ኢጣሊያ ጦር እያሰናዳች መሆኑን ስለሚያውቁ ለአገራቸው የሚረዳ ባለሙያ ይፈልጋሉ። በግንቦት ወር ሮቢንሰን አዲስ አበባ ገባ። የጠበቁት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው የትንሹን አየር ኃይል አመራር አደራ አሉት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ቦምብ ጣዮች ዓድዋን ሲደበድቡ እሱ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በጦር ግንባሩና በአዲስ አበባ መካከል መልእክትና መድኃኒት ሲያመላልስ፣ ከጠላት አውሮፕላን ለማምለጥ በየሸለቆው ሲሸሸግ ከረመ። ተኩሶ የሚመልስበት መሣሪያ አልነበረውም።

በ1936 ወደ አሜሪካ ሲመለስ ጥቁር አሜሪካውያን በነቂስ ወጥተው ተቀበሉት። ጋዜጦቻቸው “የኢትዮጵያ ቡናማ ኮንዶር” አሉት፤ ኮንዶር በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚያንዣብብ ግዙፍ አሞራ ነው። ቀድሞ ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር ይችላል ወይ ተብሎ ይጠየቅ ነበር። አሁን አንድ ጥቁር ሰው የአንድ ነፃ አገር አየር ኃይል መርቶ ከጦርነት ተመልሷል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሮቢንሰንን የቱስኬጊ በራሪዎች፣ ማለትም ኋላ በቱስኬጊ የሠለጠኑት ጥቁር የጦር አብራሪዎች፣ አባት የሚሉት ስለዚህ ነው፤ አባባሉ የተጋነነ አይደለም።

ቢሆንም የአሜሪካ ጦር በራሱ መዝገብ ያጻፈው ሌላ ነበር። በ1925 የጦር ኮሌጁ ያወጣው አንድ ጥናት ጥቁሮች ለውጊያ ኃላፊነት እንደማይበቁ ይገልጻል፤ ይህ ወረቀት ለዓመታት የአየር ክፍሉን በር ዘግቶ ኖሯል። በሩን ገፋ ያደረገው በ1939 የወጣው የሲቪል አብራሪዎች ሥልጠና ሕግ ነው። ቱስኬጊ ከተመረጡት ተቋማት አንዱ ሆነ፤ ሮቢንሰን ከአምስት ዓመት በፊት የለመነው የበረራ ትምህርት ተጀመረ። በማርች 1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልት ቱስኬጊን ሊጎበኙ መጡ። ጠባቂዎቻቸው እየተቃወሙ፣ “ቺፍ” እየተባለ ከሚጠራው ከዋናው አስተማሪ ከቻርልስ አንደርሰን ኋላ ተቀምጠው በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሰማይ ወጡ። በዚያ ቀን የተነሱት ፎቶግራፍ በየጋዜጣው ወጣ። ጥቁር አብራሪ ቀዳማዊት እመቤቷን አብርሮ በሰላም መልሷል፤ የ1925ቱ ወረቀት ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ጦሩ ለጥቁር ዕጩ መኮንኖች የመጀመሪያ ደረጃ በረራ የሚያስተምርበት ብቸኛ ስፍራ የሞተን አየር ማረፊያ ሆነ። ስሙ የተቋሙ ሁለተኛ ርእሰ መምህር ለነበሩት ለሮበርት ሞተን መታሰቢያ ነው። ማረፊያው ሳር የለበሰ ሜዳ ነው፤ ሁለት ሃንጋር፣ የመቆጣጠሪያ ማማ፣ ሻይ ቤት አለው። በሜዳው ላይ ተሰልፈው የሚጠብቁት ሰማያዊ አካልና ቢጫ ክንፍ ያላቸው ስቲርማኖች ናቸው።

አንድ ዕጩ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ይቻላል። ሞተሩ በእጅ እየተዘወረ ይነሳል። አውሮፕላኗ መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ስለሚቀና ተማሪው ከፊቱ ያለውን ማየት አይችልም፤ ወደ መነሻው የሚሄደው ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው። ከፊት የተቀመጠው አስተማሪ የሚናገርበት የጎማ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ከተማሪው ቆብ ጆሮ ላይ ይሰካል። ቱቦው የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አስተማሪው ይቆጣል፣ ያርማል፣ ያዛል፤ ተማሪው መልስ የሚሰጠው በእጁና በእግሩ፣ አውሮፕላኗን በትክክል በማብረር ነው። ዋናው ፈተና ደግሞ ማረፊያው ላይ ይመጣል። የስቲርማን የፊት እግሮች ተቀራርበው የተተከሉ ስለሆኑ መሬት ከነካች በኋላ ተማሪው ትንሽ ከተዘናጋ እንደ እንዝርት ትሾራለች፤ ክንፏ መሬት ይመታል። እዚያ የወደቀ ዕጩ ከትምህርቱ ይሰናበታል።

በሞተን ግን አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። ይህ ለተማሪዎቹ ምን ማለት እንደነበር ያለፉበት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩት ኖረዋል። በቱቦው የሚመጣው ቁጣ ልጁ እንዲወድቅ ከሚመኝ ሰው የሚመጣ አልነበረም።

በማርች 7 ቀን 1942 የመጀመሪያዎቹ አምስት ተመረቁ። ጉዞውን የጀመሩት አሥራ ሦስት ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ካፒቴን ቤንጃሚን ዴቪስ ይባላል። በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ አራት ዓመት ሲማር ከሥራ ጉዳይ በቀር ነጮቹ ዕጩዎች አንድ ቃል እንዳያናግሩት አድመውበት፣ አብሮት የሚያድርም አጥቶ፣ ብቻውን የጨረሰ ሰው ነው። እስከ 1946 ድረስ 992 አብራሪዎች ከቱስኬጊ ወጡ። ከእነሱ 355ቱ ባሕር ማዶ ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ከአሥር ሺህ በላይ መካኒክ፣ መሣሪያ አዋቂ፣ ነርስ፣ ፓራሹት አጣፊና ጸሐፊ ነበር።

ከቱስኬጊ በወጡት የተሞላው የ99ኛው የውጊያ ክፍል አብራሪዎች በ1943 ሰሜን አፍሪካ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ተሻገሩ። ስምንት ዓመት አልሞላም፤ የዚያች አገር አውሮፕላኖች መሣሪያ የሌለውን ሮቢንሰንን ያሳድዱት ነበር። አሁን እሱ ያለመላቸው ልጆች የፋሺስቱን ምድር ከላይ እያዩ ይበራሉ። በ1944 በዴቪስ አዛዥነት የአውሮፕላኖቻቸውን ጭራ ቀይ ቀብተው ቦምብ ጣዮችን እያጀቡ እስከ ጀርመን ዘለቁ። በማርች 24 ቀን 1945 በርሊን ሰማይ ላይ የጀርመን አዲሶቹ ጄቶች ገጠሟቸው። ቀይ ጭራዎቹ ባለ ፕሮፔለር ናቸው፤ ጄቶቹ ከእነሱ እጅግ ይፈጥናሉ። ያም ሆኖ ሮስኮ ብራውን፣ ኧርል ሌንና ቻርልስ ብራንትሊ በዚያ ቀን እያንዳንዳቸው አንድ ጄት ጣሉ። ሦስቱም የመጀመሪያውን የበረራ ትምህርት የተማሩት በእነዚያ ጨርቅ ለበስ ማሰልጠኛዎች ነው።

አገር ቤት ያሉት ሌላ ጦርነት ነበረባቸው። በኤፕሪል 1945 ኢንዲያና ውስጥ በፍሪማን የጦር ሰፈር ለነጭ ብቻ ወደተባለው የመኮንኖች ክበብ በመግባታቸው ታሰሩ፤ መለያየቱን የሚያጸድቅ ወረቀት ፈርሙ ሲባሉ 101 መኮንኖች አንፈርምም አሉ። በጦርነት ጊዜ ትእዛዝ እንቢ ማለት የሞት ቅጣት ሊያመጣ እንደሚችል ያውቁ ነበር። ከሦስት ዓመት ጥቂት አልፎ፣ በጁላይ 26 ቀን 1948፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር አዘዙ።

ታሪካችን የሚከተላት አንዲት ስቲርማን ከዊቺታ ፋብሪካ የወጣችው በ1944 ነው። በሞተን ሜዳ እስከ 1946 ድረስ አገለገለች። ስንት ዕጩ እንደተቀመጠባት፣ ስንቱ ክንፏን ሊያስመታ ለጥቂት እንደተረፈ የሚናገር ወረቀት የለም። ጦርነቱ ሲያበቃ ማሰልጠኛዎቹ ትርፍ ዕቃ ሆነው በርካሽ ተቸበቸቡ። ገዢዎቻቸው ገበሬዎችና የሰብል መድኃኒት ረጪዎች ነበሩ። የፊተኛው መቀመጫ ይነቀልና በቦታው የመድኃኒት ጋን ይገባል፤ አስተማሪው ተቀምጦ ይቆጣበት የነበረው ስፍራ የተባይ ማጥፊያ ዱቄት ይሞላል። የሞተኗም ስቲርማን ዕጣ ይኸው ሆነ። ከማሳ በላይ ዝቅ ብላ፣ ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየዘለለች ለዓመታት ሠራች። ማን እንደ ነበረች የሚጠይቅ አልነበረም።

ሮቢንሰንም በዚያው ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ነበር። በ1944 ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን አስከትሎ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራና ጥገና ማስተማር ጀመረ። በማርች 1954 አዲስ አበባ አካባቢ ያበረራት አውሮፕላን ተከሰከሰች፤ በደረሰበት ቃጠሎ ሞተ። የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው።

የቱስኬጊ ሰዎች ሽበት አወጡ። ማረፊያቸው ችላ ተብሎ ቆይቶ በ1998 በሕግ ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ ተባለ። ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ካሊፎርኒያ የሚኖር ማት ኩዋይ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን አንዲት የተሰባበረች አሮጌ ስቲርማን ገዛ። ስትረጭ ኖራ በአደጋ የተጎዳች ናት። ሰውየው የፈለገው አሮጌ አውሮፕላን አድሶ ማብረር ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ሐሳብ አልነበረውም።

ስቲርማን ማደስ የትዕግሥት ሥራ ነው። ጨርቁ በሙሉ ይገፈፋል። የብረቱ አጥንት በየመገጣጠሚያው ይመረመራል፤ ለዓመታት የተረጨው መድኃኒት ብረት ይበላልና ዝገቱ ተፍቆ፣ የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል። የክንፎቹ እንጨት አንድ በአንድ ይታያል፤ የተሰነጠቀ ወይም የሻገተ ካለ በልኩ ተጠርቦ ይተካል። ከዚያ አዲስ ጨርቅ ይወጠራል። ጨርቁ በማጣበቂያ ብቻ አይያዝም፤ ከክንፉ አጥንት ጋር በረጅም መርፌና በሰም በተነከረ ክር፣ ቋጠሮው በእኩል ርቀት እየተመተረ ይሰፋል። በላዩ የሚያጠነክር ፈሳሽ ደጋግሞ ይቀባና ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተፈትቶ ይገጣጠማል። የመድኃኒቱ ጋን ወጥቶ የአስተማሪው መቀመጫ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኩዋይ ይህን ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀበት።

የሁሉ መክፈቻ የሆነው ግን ትንሽ ነገር ነው። ኩዋይ የአውሮፕላኗን የፋብሪካ ቁጥር ይዞ ድሮ የት እንዳገለገለች አጠያየቀ። የጦሩ መዝገብ የመለሰለት አንድ ስም ነበር፦ ሞተን ሜዳ፣ ቱስኬጊ፣ አላባማ።

ይህን ሲያውቅ ሥራው የእሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሰማያዊና ቢጫ ቀለሟን መለሰላት፤ “የቱስኬጊ መንፈስ” ብሎ ሰየማት። ከዚያ አንጋፋዎቹን ፍለጋ ወጣ። ጊዜው ትክክለኛ ነበር፤ በማርች 29 ቀን 2007 ሦስት መቶ ያህል የቱስኬጊ ሰዎች፣ ከፊሎቹ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በዋሽንግተን የምክር ቤቱ ጉልላት ሥር ተሰብስበው የኮንግረሱን የወርቅ ሜዳልያ ተቀብለው ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽ ሰላምታ ሰጧቸው፤ በወጣትነታቸው ስንት ነጭ ወታደር ነፍጓቸው የነበረውን ወታደራዊ ሰላምታ። ኩዋይ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ አውሮፕላኗን ራሷን አመጣላቸው። ቀረቡ፣ ዳሰሷት። በዕቃ ማስቀመጫዋ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ፍሪማን ላይ አንፈርምም ያለ ትውልድ እዚህ ደስ ብሎት ፈረመ።

ሜዳልያ መልካም ነው። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ሰውን የሠራችውን ዕቃ እንደ ገና በእጁ እንዲነካ ማድረግ ከሜዳልያ የሚለይ ክብር አለው። ሜዳልያው ስለ እነሱ ይናገራል፤ አውሮፕላኗ ታውቃቸዋለች።

በዋሽንግተን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ሊሠራ ነበር። መሥራች ዳይሬክተሩ ሎኒ ባንች ቅርስ በመሰብሰብ ላይ ነበሩ፤ ሕንፃው ገና መሠረቱ አልተጣለም። አውሮፕላኗ ለሙዚየሙ እንድትሆን ተስማሙ። ኩዋይ ግን በጭነት መኪና አልላካትም። በ2011 በጋ ካሊፎርኒያ ላይ ሞተሩን አስነስቶ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጠ። ስቲርማን በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር ብዙም የማትበልጥ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ነፋስና ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታባት ናት፤ ነዳጅ ለመቅዳት በየጥቂት ሰዓቱ መውረድ ያስፈልጋል። በየሚያርፍበት ሕዝብ ይወጣ ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ማረፊያ ቱስኬጊ ሆነ፤ አውሮፕላኗ ከስድሳ አምስት ዓመት በኋላ ወደ ሞተን ሜዳ ወረደች። በኦገስት መጀመሪያ ዋሽንግተን ደርሳ ሙዚየሙ ተረከባት፤ ሞተሯ ለመጨረሻ ጊዜ ጠፋ።

ሙዚየሙ በሴፕቴምበር 24 ቀን 2016 በፕሬዚዳንት ኦባማ ተመረቀ። በርሊን ላይ ጄት የጣለው ሮስኮ ብራውን በዚያው ዓመት በጁላይ 2፣ በ94 ዓመቱ አርፏል፤ ለሦስት ወር ያህል ቀደመው። ሌላው የቱስኬጊ አብራሪ፣ በሦስት ጦርነቶች 409 ጊዜ ለግዳጅ የበረረው ቻርልስ መጊ፣ መቶኛ ዓመቱን አልፎ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በጃንዋሪ 2022 በ102 ዓመቱ ዐረፈ። ከ992ቱ ዛሬ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ይህች አውሮፕላን ሩቅ አይደለችም። ከመካከላቸው በቀድሞው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያገለገሉ፣ ቢሾፍቱ ላይ የመጀመሪያውን በረራ የቀመሱ አባቶች አሉ። ልጆቻችሁንም እነሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ሰማያዊና ቢጫዋ ስቲርማን ከሙዚየሙ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ለልጆቹ ስለ ጆን ሮቢንሰን ንገሯቸው፤ አባቶችንም የመጀመሪያ አውሮፕላናቸው ምን እንደነበረች ጠይቋቸውና መልሳቸውን ጻፉት። የሙዚየሙ መግቢያ በነፃ ነው።